የመሪጌታ ኪሮስ አልቦ

መሪጌታ ኪሮስ መሞታቸውን የነገሩኝ ሐጂ እድሪስ ናቸው። ሐጂ ሰቆጣ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ዕቃ ሊያመጡ ደሴ በወረዱ ቁጥር ከመሥሪያ ቤቴ በር ቆመው ሳያስጠሩኝ የማይመለሱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን አላስጠሩኝም። ከቢሮ ስወጣ ግንቡን ተደግፈው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታውን ሳንጨርስ "ያ ጣሳ እንግዲህ ባለቤት የለውም" አሉኝ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ለመናገር የሚያሳፍረኝ ነገር ቢኖር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነው የተሰማኝ። ሐዘኑ የመጣው ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ ነው። ለምን እፎይ እንዳልኩ ለመናገር ከጣሳው መጀመር አለብኝ።

ጣሳው የዝናብ መለኪያ ነው። እኔ በጸሐፊነት በተቀጠርኩበት ሰቆጣ ባለው መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ተክለውት ሄዱ። ቁመቱ እስከ ጉልበት ነው። አፉ ላይ ዝናቡን የሚሰበስብ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቆርቆሮ አለው፤ ውስጡ ደግሞ ውሃው የሚጠራቀምበት ጠርሙስ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመው ውሃ ጎኑ ላይ መስመር ወደተሰመረበት ቀጭን ብርጭቆ ይገለበጥና ስንት መስመር እንደሞላ ይጻፋል። ሥራው ይኸው ነው። ከተማው ስሙን የመንግሥት ጣሳ አለው።

መጀመሪያ የተመደበው ዘበኛ የሳምንቱን ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ከራሱ አውጥቶ ሲሞላ ተያዘ። አለቃችን እንግዲያውስ በየጠዋቱ የማይቀር ሰው ፈልጉልኝ አሉ። በየጠዋቱ የማይቀር ሰው ሲባል ሁሉም ያሰበው አንድ ሰው ነበር። መሪጌታ ኪሮስ ለብዙ ዘመን ማሕሌት የመሩ፣ ኋላ ግን ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው የተዘጋ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ንግግራቸው ሁሉ ሹክሹክታ ሆነ። የሚዘምር ሰው ድምፁን ሲያጣ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያኑን ሳይለቁ፣ ከመቋሚያው ሳይርቁ፣ ዳር ላይ ቆመው ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ኖሩ። ጣሳውን ሲሰጧቸው ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ድምፅ የማይጠይቅ አገልግሎት ነበር።

ሥራውን ከያዙ በሦስተኛው ቀን ከተማው ወሬ አገኘ፤ መሪጌታ ለጣሳ ይሰግዳሉ ተባለ። እውነትም ከውጭ ለሚያያቸው ሰው መስገድ ነው የሚመስለው። ብርጭቆውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና በሁለት ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸው ከውሃው ጋር ትክክል እስኪሆን ድረስ ይወርዱ ነበር። ወሬው ካህናቱ ዘንድ ደርሶ ተጠየቁ። ከላይ ሆኜ ሳየው ያበዛብኛል፣ ከታች ሆኜ ሳየው ያሳንስብኛል፣ እኩል ካልሆንኩ እውነቱን አይነግረኝም ብለው መለሱ። ካህናቱ ነገሩ ባይገባቸውም ትሕትና ስላለበት ዝም አሉ። እኛ ቢሮ ያለነው ግን ለአንድ ክረምት ሙሉ ሳቅንባቸው።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጽሕፈቴ ያማረ፣ ራሴን የማልጠላ ልጅ ነበርኩ። ድርሻዬ መሪጌታ በቀለም የሚጽፉትን የወር ሉህ ከአዲስ አበባ በመጣው የታተመ ቅጽ ላይ መገልበጥ ነው። እሳቸው በግዕዝ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ቅጹ የሚፈልገው የፈረንጅ ቁጥር ነው። ፯ን ሰባት፣ ፲፪ን አሥራ ሁለት እያደረግሁ መገልበጥ ከባድ ሥራ አልነበረም። አንዳንዴ በአንድ እጄ እየበላሁ እገለብጥ ነበር።

አንድ ቀን ብርጭቆው ከእጃቸው ወድቆ ተሰበረ። ከወራት በኋላ ምትኩ መጣ። እኔ ብሆን ወስጄ ሥራ እጀምር ነበር። እሳቸው ግን ከቤታቸው አንድ የቀንድ ዋንጫ አምጥተው፣ ያን ዋንጫ እስከ አፍ ገደፉ እየሞሉ አዲሱ ብርጭቆ ውስጥ መገልበጥ ጀመሩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ አሥር ጊዜ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው ያ የተሰበረው ብርጭቆ በዚህ ዋንጫ አሥር መስመር ይሞላ እንደነበር፣ አስቀድመው ለክተው እንዳስቀመጡት ነገሩኝ። አዲሱ አሥር ተኩል ይላል። ታዲያ ውሸታም ነዋ፣ ይመለስ አልኳቸው።

"የለም፣ ይሄ ደግ ነው" አሉኝ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው። "አሥር ጊዜ ጠየቅሁት፣ አሥሩንም ጊዜ አንድ ዓይነት ዋሸኝ። ውሸቱን ካወቅሁለት ምን ይጎዳኛል? የሚያስፈራኝ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ የሚለኝ ነው።"

ከዚያ ወር ጀምሮ የሉሁ ራስጌ ላይ "ጉድለት" የሚል መስመር ጨመሩ። "ጉድለት፦ ብርጭቆው ከአሥሩ ላይ ግማሽ ያበዛል።" በሌላ ወር፦ "ጉድለት፦ ጣሳው ወደ ምሥራቅ ዘምሞ ሰነበተ፣ ዛሬ አቀናሁት።" አንዴ እንዲያውም፦ "ጉድለት፦ አንባቢው ዓይኑን ታሞ ሁለት ቀን በግራ ዓይኑ አነበበ" ብለው ጽፈዋል። እኔ አንዱንም አልገለበጥኩትም። ቅጹ ላይ ለጉድለት የተተወ ቦታ አልነበረም።

ይህ ነገራቸው ገበያም ይከተላቸው ነበር። ከሐጂ እድሪስ ጋር የተዋወቁት በዚሁ ነው። የሐጂ የሱቅ ሚዛን ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። መሪጌታ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ ሐጂ፣ ይህ ሚዛንዎ ጨው ከመዘነ በኋላ መርፌው ወደ መነሻው አይመለስም፣ ከባድ ከተሸከመ በኋላ ትንሽ ያሳርፉት አሏቸው። ሌላ ነጋዴ ቢሆን በሰው ፊት አዋረድከኝ ብሎ ይጣላቸው ነበር። ሐጂ ግን ሚዛኑን ባዶውን ሰቅለው አዩት፤ እውነትም አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ጨው በመዘኑ ቁጥር ሚዛኑን ያወርዱና "መሪጌታ ይረፍ ብለዋል" እያሉ ገበያተኛውን ያስጠብቁ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ተወዳጁ።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። በግዕዝ ቁጥር ከአንድ በፊት ቁጥር የለም። ፩ ብሎ ይጀምራል፤ ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። መሪጌታ ዝናቡ ቆርቆሮውን አርሶ ብርጭቆው ላይ ግን የሚነበብ ነገር ካልተወ "ነካ" ብለው ይጽፋሉ። ጭራሽ ካልዘነበ ደግሞ "አልቦ" ይላሉ፤ የለም ማለት ነው በግዕዝ። የመጀመሪያዎቹን አልቦዎች ሳገኝ ምን ላድርጋቸው ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁ። አለቃዬ ቀና ሳይሉ፣ አልቦ ማለት የለም ማለት አይደለም ወይ፣ ከሌለ ሰረዝ አድርግበት አሉኝ። ሰረዝ አደረግሁበት። ቅጹ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ መመሪያ ነበር። አላነበብኩትም።

በዚህ ሁኔታ አራት ዓመት ሄደ። ሰረዜ ማንንም አልጎዳም። በበጋ በሰቆጣ ዝናብ እንደማይኖር አዲስ አበባም ያውቃል፤ በክረምት ደግሞ አልቦ የሚሆኑት ቀኖች ጥቂት ነበሩ።

ከዚያ ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ያ ክረምት መጣ፤ ወይም ሳይመጣ ቀረ። ሰኔ ነካ ነካ አድርጎ አለፈ። ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ የጥር ሰማይ ሆነ። መሪጌታ እንደ ወትሮው ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ቆርቆሮው ላይ የተኛውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ያብሳሉ፣ ጠርሙሱን ይገለብጣሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ደረቁን ብርጭቆ ያያሉ፣ ይጽፋሉ። አንድ ጠዋት እኔ መስኮት ላይ ሆኜ፣ የኔታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኮከብ ሲታይ አድሮ ምን ሊያዩ ይንበረከካሉ አልኳቸው። ቀልዴ ነበር።

"አለመዝነቡን ነዋ የማየው" አሉኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን እየጠረጉ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። "ሳላይ የቀረሁትንና አይቼ ያጣሁትን አንድ ካደረግሁ፣ ልጄ፣ ምኑን ሠራሁት?"

ይህን የነገሩት ለእኔ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የዚያው ወር ቅጽ በሰረዝ ተሞልቶ ተቀምጦ ነበር።

ነሐሴ ላይ ልጃቸው ለተብርሃን፣ ለተ የሚሏት፣ ከሰቆጣ በታች ቆላ ካለው ዝቋላ መጣች። ባሏ ለሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረባት፣ ሁለት ልጆች ይዛ ጽጽቃ አጠገብ የምትኖር ሴት ናት። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል፣ ፍየሎቹም ማለቅ ጀምረዋል። ሐጂ እድሪስ በበቅሎዎቻቸው ወደ ኮረም ሊሄዱ ነበርና እሷንና ልጆቿን አብረው ሊወስዷቸው ቃል ገብተውላታል። እዚያ መኪና መንገድ አለ፣ ሰው አለ። የመጣችው አባቷን ልትጠይቅ ነው፤ ልሂድ ወይስ ልቆይ? ግቢው ውስጥ ጣሳው አጠገብ ቆመው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ሲነጋገሩ አየኋቸው። ኋላ ወደ አማርኛ የተመለሱት ሐጂ ስለመጡ ነው፤ ያን ጊዜ የተባለውን በጆሮዬ ሰማሁ።

"ቤትሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?" አሏት። "መንግሥት ያውቃል። አንድ ቀን ሳላጎድል በየቀኑ ነግሬዋለሁ። ይህን ሁሉ አልቦ አይቶ ዝም አይልም፤ እህል ይልካል። ጠብቂ።"

ለተ ጠበቀች። እሷ ብቻም አይደለችም። በዚያ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰው እየከበበ፣ መሪጌታ፣ ላይ ያለው መንግሥት ይህን ጉዳችንን ያውቅ ይሆን እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ያውቃል ይሉ ነበር። ሐሰት ተናግረው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ታመኑ። ስንቱ በሳቸው ቃል እንደቆየ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ደብዳቤው የደረሰው ጥቅምት ላይ ነው። ለአለቃዬ የተጻፈ የወቀሳ ደብዳቤ ነበር። በሰቆጣ ጣቢያ የተመደበው አንባቢ በክረምቱ ከግማሽ በላይ የሆኑትን ቀኖች ሳይለካ መቅረቱ ከባድ ቸልተኝነት መሆኑን፣ ያልተለኩት ቀኖች ባለፉት ዓመታት አማካይ መሞላታቸውን፣ በዚህም መሠረት የአካባቢው ዝናብ እንደ ወትሮው ሆኖ መመዝገቡን ይገልጻል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቅጹን አውጥቼ ግርጌውን አነበብኩ። "ልኬት ያልተወሰደበት ቀን ሰረዝ ይደረግበት" ይላል። ዝናብ ለሌለበት ቀን ምን እንደሚጻፍም ከሥሩ ተጽፎ ነበር፤ ክብ ዜሮ።

አለቃዬ ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስገባው አሉኝ። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። ወዲያው ሄጄ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ወዲያው ለአዲስ አበባ ልጽፍ ይገባ ነበር። ነገ እያልኩ ስድስት ሳምንት ያህል አለፈ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ለእንጀራዬ ፈራሁ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሳቸውን ዓይን ፈራሁ። በየጠዋቱ እየመጡ ይንበረከኩ ነበር፤ መስኮቱን ዘጋሁት።

ኅዳር ሲያልቅ ለተ መጣች። ብቻዋን ነበረች። አንቀልባው ከትከሻዋ ላይ ነበር፣ ውስጡ ግን ማንም አልነበረም። ትንሹን መንገድ ላይ፣ ትልቁን ከቤቷ ደጃፍ ቀብራ ነው የመጣችው። መሪጌታ ከጣሳው አጠገብ ተነሥተው ተቀበሏት። አላለቀሱም፤ ድምፅም ስለሌላቸው ይሆናል። አንቀልባውን ከትከሻዋ አውርደው፣ አጥፈው፣ ብብታቸው ሥር ያዙት።

በማግሥቱ ደብዳቤውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ነገር ግን ስደርስ ግማሹን ብቻ ነገርኳቸው። የኔታ፣ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች አልቦ የሚለውን ቃልዎን አልተረዱትም፣ አልተለካም ብለው ያዙት አልኳቸው። ቃሉ አዲስ አበባ ጭራሽ እንዳልደረሰ፣ ከእኔ ጠረጴዛ እንዳላለፈ አልተናገርኩም። ሰረዙን አላነሣሁም።

 ጥግ ላይ ለተ ተኝታ ነበር። መሪጌታ ወደሷ አዩና ቀስ ብለው፣ ቃሉ ከእኔ ነው የወጣው አሉ። ልከላከልላቸው፣ የለም የእኔ ጥፋት ነው ልላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ቀለምና ብዕር አቀረቡልኝ።

"ያቺን ዜሮ የምትሏትን እስቲ አሳየኝ" አሉ።

ጻፍኩላቸው። አቅርበው አዩዋት።

"ዐይኑ ዐ ናት እንዴ?"

ትመስላለች አልኳቸው። ስንት ዘመን ለተማሪ ሲያስቆጥሯት የኖሩት ፊደል ናት። ብዕሩን ተቀብለውኝ ከጻፍኳት ሥር አንዲት ዐ ጻፉ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።  እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ወር ሉሁ በዐ ተሞልቶ መጣ። እንደ ተጻፈ ገለበጥኩት። እህሉም ኋላ መጣ፤ ሌሎች ሰዎች በዓይናቸው አይተው በጮኹት ጩኸት እንጂ በኛ ሉህ አይደለም። እኔ ዝውውር ጠይቄ ደሴ ወረድኩ። ስሰናበታቸው ጉልበታቸውን ስሜ ነው የሄድኩት፤ መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሐጂ እድሪስ ያን ወሬ ሲነግሩኝ እፎይ ያልኩት እንግዲህ ለዚህ ነው። ከእንግዲህ ልነግራቸው የምችል ሰው የለም ብዬ ነው። እፎይታው አንድ ሌሊትም አልቆየም።

ለአርባቸው ኮረም ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በሐጂ በቅሎ ሰቆጣ ገባሁ። የዘመኑ ተዝካር ትንሽ ነበር፤ ሰዉም ጥቂት ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ግቢው ውስጥ ወዳለው ጣሳ ነው። ሸረሪት አድርቶበታል። መሪጌታ ይንበረከኩበት የነበረው ቦታ ላይ ግን አሁንም ሁለት ጎድጓዳ አለ፤ ሣር አልበቀለበትም።

ለተ እንግዳው ሲያልቅ ጠርታ በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ሰጠችኝ። አባቴ ለጸሐፊው ስጪልኝ ብሎኛል አለች። የሁሉም ወር ሉህ ዋናው ነበር፤ እኔ እያየሁ እገለብጠው የነበረው። ገለጥኩት። ያን ክረምት ሳገኝ ተቀመጥኩ። ወደ ኋላ ተመልሰው በእያንዳንዱ አልቦ ጎን፣ አንድም ሳይዘሉ፣ ዐ ጽፈውበታል። ራስጌው ላይ በአዲስ ቀለም ሌላ መስመር ጨምረዋል፦ "ጉድለት፦ አንባቢው ከአንድ በታች መቁጠር አያውቅም ነበር።"

የመጨረሻው ገጽ የሞቱበት ወር ነው። እስከ አሥራ አንደኛው ቀን ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች ባዶ ናቸው፤ የሚለካ ሰው አልነበረም። ሰረዝ የሚገባቸው እነዚያ ነበሩ።

ብዕሬን አወጣሁና ወደዚያ ክረምት ተመለስኩ። ከሳቸው መስመር በታች "ጉድለት፦ ገልባጩ አልቦን ሰረዝ አደረገው" ብዬ ጻፍኩ። ለተ ማንበብ ስለማትችል ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። ከዚያም አባትሽ አልተሳሳቱም፣ በየቀኑ ተናግረዋል፣ ያላደረስኩት እኔ ነኝ አልኳት፤ ያን ቀን እናንተ ቤት መጥቼ ያልተናገርኩት ይህን ነው አልኳት።

 ደብተሩን ወደ ራሷ አዙራ አየችው።

"ሰረዝ ምንድን ናት?" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ በጣቴ መሬቱ ላይ አንዲት አጭር መስመር አሰመርኩላት። ለተ ቀርባ በሁለት ጉልበቷ ተንበረከከች፤ ልክ እንደ አባቷ።

"ይቺ?" አለች።

ይቺው ናት አልኳት።